የግራ እግር ጋሎሽ

ኮስትሮማ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.

የተከበሩ ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

ተቆጥቶ ለወጣ ሰውም ሰላምታ አይነፈግምና ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጤናዎን አልጠይቅም፤ በሩን የዘጉበት ጉልበት የጤና ምስክር ወረቀት ነው።

የምጽፈው ስለ ጋሎሽዎ ነው። ሰማይ ባኮረፈ ቁጥር በቆዳ ጫማዎ ላይ ከሚያጠልቋቸው ከእነዚያ ጥቁር ጎማዎች ግራው እኔ በር ሥር ቀርቷል። በመስኮት አይቼዎታለሁ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ እግርዎን አዩ፤ መስኮቴን አዩ፤ ከዚያ በአንድ ጋሎሽ መንገድዎን ቀጠሉ። የረሳውን ሊወስድ የተመለሰ ሰው መንገዱ እንደማይቀና እኔም አውቃለሁ። ግን ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ተመልሶ፣ መስታወት አይቶ መውጣት ነው። መስታወቱን ወልውዬ ነበር የጠበቅኩዎት።

እርግጥ ነው፣ ጎረቤቴ ግላፊራ በግድግዳው በኩል እስክትሰማ ድረስ «እግሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይረግጥም» ብለዋል። መሐላ መሐላ ነው። ታዲያ ጋሎሹን ምን ላድርገው?

በጠባችን ጉዳይ አቋሜ አልተለወጠም። የእንግሊዝኛውን የፈሊጥ መዝገበ ቃላት ስንጀምር የሰውን ገላ ለሁለት ተካፍለነዋል፤ ከወገብ በላይ የእኔ፣ ከወገብ በታች የእርስዎ። (በወገብና በጭን መካከል እንግሊዞች ምንም እንደሌላቸው አርታኢያችን ወስኖ ሥራችንን አቅልሎልናል።) እንግሊዝ ሰው ሲያሞኝ እግሩን ይጎትተዋል፤ የእኛ ሰው ሲያሞኝ አፍንጫውን ይዞ ይመራዋል። መጽሐፉ ለሩሲያ ተማሪ ነው፤ የሩሲያ ተማሪ የሚፈልገው አፍንጫ ሥር ነው፤ አፍንጫ ደግሞ የእኔ ነው። ለዚህ ሲባል ሻይ አይቋረጥም።

ራይሳ ማትቬዬቭና

*

ቮሎግዳ፣ ዲሴምበር 21

የተከበሩ ራይሳ ማትቬዬቭና፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። በሁለተኛው ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ገብቻለሁ። ባቡሩ ከያሮስላቭል በኋላ በረዶ ዘግቶት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ጥቂት ቆሟል። «ጥቂት» ማለት የጣቢያው ምድጃ መጥፋቱ እስኪታወቅ፣ ከዚያም ለምን እንደጠፋ ተሰብስበው እስኪወያዩበት ድረስ ነው።

ጋሎሹን በፖስታ አይላኩት። እዚህ ያሉት የፖስታ ቤት ሴቶች ሩኅሩኅ ናቸው፤ አንድ ጋሎሽ የሚላክለት ሰው አንድ እግር ብቻ አለው ብለው ያዝኑልኛል። እዚያው ይቆይ።

በእርሳስ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ቀለም አልቆብኛል።

ሥራው ይኸው። እንግሊዝ «እምቢ» ካለ እግሩን መሬት ላይ ይተክላል፤ የእኛ ሰው ጠረጴዛ በቡጢ ይመታል። እንግሊዞች ለጠረጴዛቸው ይሳሳሉ ማለት ነው። እንግሊዝ የማይባል ነገር ካመለጠው እግሩን አፉ ውስጥ ከተተ ይባላል፤ የእኛ ሰው ጋሎሽ ውስጥ ተቀመጠ ይባላል። (ይህን ያነሳሁት ለሥራ ነው፤ ማንንም አይመለከትም።) እንግሊዝ ጭፈራ ካልሆነለት ሁለት ግራ እግር አለው፤ የእኛ ሰው በረዶ ላይ የወጣች ላም ነው። ሁለት ግራ እግር! አንዱ መጠባበቂያ መሆኑ ነው። ምን ዓይነት ባለጸጋ ሕዝብ ነው?

በአፍንጫው ጉዳይ እኔም አልተለወጥኩም።

አዲሱ ዓመት በሰላም ይግባልዎ።

ፕላቶን ኮሌሶቭ

*

ኮስትሮማ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1959

ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

«የተከበሩ»ን የተውኩት ረስቼው አይደለም።

በመጀመሪያ የአዲስ ዓመት ካርድዎ ላይ ለጠየቁኝ መልስ ልስጥ። አይ፣ አርታኢው የማስረከቢያ ቀን ይጨምርልን ብዬ አልጻፍኩለትም፤ የማልጽፍለትም ጥያቄው የእርስዎ ስላልመሰለኝ ነው። እርስዎ ሥራዎን ቀኑ ሳይደርስ ጨርሰው ሌላውን በማሳፈር የሚታወቁ ሰው ነዎት። ምን ሆኑ?

ሁለተኛ፣ እርሳሱ። ቀለም ያለቀበት ሰው ቀለም ይገዛል። በእርሳስ የሚጽፈው በጀርባው የተኛ ሰው ነው፤ ብዕር ሽቅብ አይጽፍምና። መስመሮችዎም ቁልቁል ይወርዳሉ።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ግላፊራ አሸተተችና «አዮዲን ነው፤ ሆስፒታል ነው» አለች። ሦስት ባል የቀበረች ሴት ናት፤ ሽታውን ታውቀዋለች።

አራተኛ፣ እንግሊዝ ዳር ደርሶ ወኔ ሲከዳው እግሩ ቀዘቀዘ ይባላል። የእግር ፈሊጥ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው እሱን ነው። እርስዎ ዘለሉት።

የት ነው ያሉት? ምን አገኘዎት? የትኛው እግር ነው?

ራ. ማ.

*

ቮሎግዳ፣ ጃንዋሪ 11

ራይሳ ማትቬዬቭና፣

እሺ። ሆስፒታል ነኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ። ከባቡሩ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ የመጣሁትም ተሸክመውኝ ነው።

እግሬን ውርጭ መቶታል። ጣቶቼ መጀመሪያ ነጡ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆኑ፣ አሁን ደግሞ ጨዋ ሰው ስሙን የማይጠራው ቀለም ይዘዋል። ቀዶ ሐኪማችን ገርማን ፓቭሎቪች ወጣት ነው፤ ጥሩ ሰው ይመስለኛል፤ ይመስለኛል የምለው ቆሞ አይቼው ስለማላውቅ ነው። ለአራት ክፍል በሽተኛ እሱ አንድ ነው። ጥቁሩ ሽቅብ እየወጣ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መቆረጥ አለበት ይላል። ጉልበቴን ለማዳን እግሬን ይወስዳል። ፈርሜለታለሁ።

የትኛው እግር ነው ብለዋል። ምን ልዩነት አለው?

የዘለልኩት ፈሊጥ ይኸው። ፍርሃት ሲይዘው የእንግሊዙ እግር ይቀዘቅዛል፤ የእኛ ሰው ነፍሱ ወርዳ ተረከዙ ውስጥ ትገባለች። የእንግሊዙ ለእኔ ልክ ነው፤ ምንም አልጨምርበትም። የእኛው ግን ጥያቄ ያስነሳል። ነፍሴ ተረከዜ ውስጥ መሆኗን አውቃለሁ። ተረከዙን ሲወስዱት እሷ ወዴት ትሄዳለች? ገርማን ፓቭሎቪችን ጠየቅኩት። «እሱ የማደንዘዣ ሐኪሙ ጉዳይ ነው» ብሎኝ ወጣ።

እውነቱን ከፈለጉ፣ እኔ የማስበው ስራመድ ነው። ከመስኮት እስከ ሰሌዳ እየተመላለስኩ ካልሆነ ግስ እንኳ አላስተምርም። የማኅበሩን ሥጋ መግዣ ሰልፍ የምወደው አንዳንዴ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ፕላቶን ኮሌሶቭ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አላውቅም፤ ላውቀውም አልቸኩልም።

ስለ መሐላዬ ግን ምሥራች አለኝ። ከእንግዲህ ግማሹን ያለ ምንም ድካም እጠብቀዋለሁ።

አይምጡ። እለምንዎታለሁ።

ፕ. ኮ.

*

ኮስትሮማ፣ ጃንዋሪ 16

ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

ግራው ነው። ሁለት ግራ እግር ባለው ሰው የሚቀናው ግራው የታመመ ብቻ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የተማሪን ልብ ከስህተቱ አነባለሁ።

እንግዲያው የሆነውንም አውቃለሁ። ያለ ጋሎሽ የወጣው ጫማ የእኛን መንገድ የቀለጠ በረዶ ጠጣ፤ ከዚያ ምድጃ የጠፋበት ጣቢያ ላይ ቆመ። ጋሎሹ ግን እዚህ በር ሥር ክረምቱን በደረቁ ያሳልፋል። ይህን እንዳላውቅ ነው ቀለም አለቀብኝ ያሉት። አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛ አያድርጉት።

አይምጡ ቢሉኝም ጣቢያ ሄጄ ነበር። ቲኬት ቆራጯ «እስከ ያሮስላቭል እሸጥልሻለሁ፣ እናቴ፤ ከዚያ ወዲያ መስመሩ ለመንገደኛ ተዘግቷል፤ እግርሽ ያውቃል» አለችኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከቤቴ ሲወጡ አልተቀመጡም። መንገደኛም ሸኚም ካፖርቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ አንድ አፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ነው መንገድ። ይህን እርስዎም እኔም ከእናቶቻችን ተምረነዋል። ለተማሪዎቼ አጉል እምነት ነው ብዬ አስተምራለሁ፤ የተቀጠርኩትም ለዚህ ነው። ግን እርስዎ ሳይቀመጡ፣ ተቆጥተው ወጡ፤ እኔም ለማንም እንግዳ የምለውን «ይቀመጡ እንጂ፣ እግር ላይ እውነት የለም» የሚለውን ለእርስዎ አላልኩም።

እንግዲህ ሊወስዱዎ ሲመጡ መጀመሪያ ይቀመጡ። እነሱም ይቀመጡ። ቀኑንና ሰዓቱን በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ እኔም እዚህ እቀመጣለሁ።

ራ. ማ.

*

ቴሌግራም፣ ከቮሎግዳ፣ ጃንዋሪ 20

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። እቀመጣለሁ። ፕላቶን

*

ቮሎግዳ፣ ጃንዋሪ 23

ራይሳ ማትቬዬቭና፣

እግሬ ሰላም ይልዎታል። ግራው። አብሮኝ ነው።

ዛሬ የደረሰኝ ቴሌግራምዎ «እንዴት?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበረበት፤ የእኔ መልስ ግን አንድ ቃል አይበቃውም።

ትናንት በሰዓቱ ሁለት ነርሶች ባለጎማውን አልጋ እየገፉ መጡ። ተነስቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ይተኙ እንጂ፣ ጓድ ኮሌሶቭ» አለች አንዷ። አንድ አፍታ መቀመጥ እንደምፈልግ ነገርኳት። ወለሉን የምታጥበው አክስት ኡስቲንያ ቀና ብላ አየችኝና ባልዲዋን ገልብጣ ቁጭ አለችበት።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለቻቸው። «ሰውየው መንገድ ሊሄድ ነው።»

ነርሶቹ ተያዩና ተቀመጡ። ጎኔ ያለው ንብ አርቢ ናዛር ዳሌው ተሰብሮ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። «እኔ ተኝቼ ተቀምጫለሁ፤ ይያዝልኝ» አለ። ከዚያ ጸጥ አልን።

ገርማን ፓቭሎቪች የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ይህ ምን ስብሰባ ነው፣ ቀዶ ክፍሉ ተዘጋጅቶ የለም ወይ እያለ ገባ። አክስት ኡስቲንያ ብቻ በጣቷ አልጋዬን አሳየችው።

«ይቀመጡ፣ ዶክተር። ቆሞ የሚሸኝ መንገድ ይዘጋል።»

አፉን ከፈተ። የተማረ ሰው ነው፤ ምን ሊል እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እሱንም የወለደች እናት አለችና አፉን ዘግቶ ቁጭ አለ፤ የአልጋዬ ግርጌ፣ ከተገለጠው እግሬ አጠገብ።

ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ዝም በል ሲባል ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። አክስት ኡስቲንያን እንዳያይ ይፈራታል። ናዛርን እንዳያይ ናዛር ይጠቅሰዋል። ስለዚህ እግሬን አየ። አየና ጎንበስ አለ። ተረከዜን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለቀቀው። ነጣ፤ ከዚያ ደሙ ምሳ በልቶ እንደሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ተጫነ። እንደገና ተመለሰ። ቁርጭምጭሚቴን ዳበሰ፤ ጥቁሩ ከጀመረበት ጋ ጥፍሩን አኖረ።

«ይሄ ወርዷል» አለ በሹክሹክታ። «ወደ ጣቶቹ ወርዷል። ይሰማዎታል?»

ዝምታው ገና ስላላለቀ አክስት ኡስቲንያን አየሁ። ራሷን ነቅንቃ ፈቀደችልኝ።

«ይሰማኛል» አልኩ።

ከዚያ ቀና ብሎ እንጠብቃለን አለ። ጣቶቹን ላያድን ይችላል፤ ተረከዙ ግን በሕይወት እንዳለ ነገረኝ። አክስት ኡስቲንያ ተነስታ ባልዲዋን አቃናች። «በሉ፣ ደህና ግቡ» ብላን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባለጎማው አልጋ ባዶውን ተመለሰ። ባዶ አልጋ ሲሄድ ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል የጻፈ ሰው እስካሁን አላነበብኩም።

ነፍሴ ከተረከዜ መውጣቷን ገና አላረጋገጥኩም። ሰፈሩ ከተስማማት ትቆይ።

ፕ. ኮ.

*

ኮስትሮማ፣ ጃንዋሪ 29

ውድ ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀመርኩት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ግላፊራ «ሞተ?» ብላ እየሮጠች መጣች። እግሬን አሳየኋት። ገባት። እሷም ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለባሎቿ ያላለቀሰችውን ሁሉ ጨምራ።

ሐሙስ እኔ ምን እንዳደረግኩ ደግሞ ልንገርዎ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ካፖርቴን ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ፣ በር ሥር ያለው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ፤ ከጋሎሽዎ ፊት ለፊት። ግላፊራ ጨው ልትበደር ገብታ አየችኝ። ምንም ሳትጠይቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንነሳ ነው የጠየቀችኝ።

«ማን ነው የሚሄደው?»

«እግር።»

«ወዴት?»

«የትም እንዳይሄድ ነው የተቀመጥነው።»

አሰበችበት። «እንግዲያው ቶሎ ባንነሳ ይሻል ነበር» አለችና ጨውዋን ይዛ ሄደች።

ለአክስት ኡስቲንያ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ። ሁለት እግር ሙሉ።

ራይሳ ማትቬዬቭና

*

ቮሎግዳ፣ ማርች 16

ውድ ራይሳ ማትቬዬቭና፣

ትናንት ከመስኮት እስከ በር ሄድኩ፤ ተመለስኩም። ናዛር ከአልጋው አጨበጨበ። ትንሿ ጣትና የጎረቤቷ እኩሌታ ተቆርጠው ቀርተዋል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። ገርማን ፓቭሎቪች አሁን በየአልጋው ይቀመጣል። «ድካም ነው» ይላል፤ እኛም ድካም ነው እንላለን።

እንግሊዝ ከየትም ቢወድቅ እንደ ድመት በእግሩ ያርፋል፤ የእኛ ሰው ከውሃ ደርቆ ይወጣል። ሁለቱንም መዝግቤያለሁ፤ ሁለቱም ግን የእኔን አይገልጹም። እኔ ረጥቤ ነው የወጣሁት፤ ያረፍኩትም ስምንት ጣት ተኩል ላይ ነው። ቅር አላለኝም።

አፍንጫውን ይውሰዱት። ላለፉት ሳምንታት እግር ስጎትት ከርሜያለሁ፤ የማንም የጨዋታ ዕቃ እንዳልሆነ አይቻለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። አንደኛው መሐላዬ ነው፤ በሰው ፊት የወጣ ቃል ነውና ዝም ብዬ አላፈርሰውም፤ እርስዎ ይፍረዱ። ሁለተኛው ይህ ነው፤ የእኛ ሰው ከሰው ጋር እጅግ ሲቀራረብ «በአጭር እግር ናቸው» ይባላል። የእኔ ግራ እግር በሐኪም እጅ አጥሯል። እንግዲያው «አንቺ» እንድልዎ ይፈቀድልኛል?

ፕላቶን

*

ኮስትሮማ፣ ማርች 23

ውድ ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

አፍንጫውን ተቀብያለሁ።

መሐላዎን መረመርኩት። እግርዎ እዚህ ቤት እንዳይረግጥ ማሉ፤ ሲምሉ ግን የእግርዎ ልብስ እኔ በር ሥር ቆሞ ነበር፤ ዛሬም ቆሟል። ስለዚህ መሐላው ከአፍዎ ሳይወጣ ፈርሷል። ግላፊራ ምስክር ናት፤ መሐላ ማፍረስ እንዴት እንደሆነ ባሎቿ አስተምረዋታል።

ስለ «አንቺ»፣ አይሆንም። በእኛ ዕድሜ «አንቺ» እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ተረከዝ ይልጣል። ያንን ተረከዝ ደግሞ እንዴት እንዳተረፍነው ያውቃሉ። የለመድነውን «እርስዎ» እንርገጥ።

መንገዱ ሲደርቅ ይምጡ። ያልጨረሱትን ሻይ ደፍቼዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ራይሳ ማትቬዬቭና

*

ኮስትሮማ፣ ወጥ ቤት፣ ኤፕሪል 19

ውድ ፕላቶን ኢግናቲዬቪች፣

ከግድግዳ ማዶ ለተኛ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። ግን በአፍ መነጋገሩን አንድ ጊዜ ሞክረነው ምን እንዳስከተለ አይተናል። ደግሞ እንቅልፍዎን እያየሁ ማቋረጥ አልፈለግኩም፤ የግላፊራ ታጣፊ አልጋ ለረዥም ሰው አልተሠራም፤ እግርዎ ወጥቶ አየር ላይ ነው። ሁለቱም። ብርድ ልብስ አልብሻቸዋለሁ።

ስለ ትናንቱ ነው። የባቡርዎ ሰዓት ሲደርስ ካፖርትዎን ለበሱ፤ ሁለቱንም ጋሎሽ አጠለቁ፤ እኔው ራሴ አጣራሁ። ሣጥኑ ላይ ተቀመጥን። ግላፊራም መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ወጉ በዕድሜ የሚበልጠው ቀድሞ ይነሳል፤ ሌላው ይከተላል። እርስዎ እኔ እስክነሳ አልጠበቁም፤ ታላቁ እርስዎ መሆንዎን ስለሚያምኑ። ግን እርስዎም አልተነሱም። ግድግዳውን ያዩ ነበር። የግላፊራ ጎመን ማረር ጀመረና ሄደች። እኛ ተቀመጥን። ባቡሩ ሲያፏጭ ሁለታችንም ሰማነው።

«የያሮስላቭሉ ነው» አሉ።

«ነው» አልኩ።

ካፖርትዎን አወለቁ።

አሁን ማወቅ ያለብዎትን ልንገርዎት። ለአርታኢው በላክነው ቅጽ ላይ የጻፍኩትን የትውልድ ዓመት አይመኑት። ታላቅዎ እኔ ነኝ፤ በጥቂቱ። ቀድሜ መነሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ባቡር አለ፤ ነገም አለ፤ እንደገና እንቀመጥ ካሉኝ እቀመጣለሁ፤ የመነሳቱን ነገር ግን አደራ አይስጡኝ።

ገንፎው ምድጃው ላይ ነው። ዳቦ ልገዛ ወጥቻለሁ። ጋሎሽዎን እንዳይፈልጉ፤ ሁለቱም በር ሥር ናቸው። አፍንጫቸውን ወደ ቤት ውስጥ አዙሬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አፍንጫ የእኔ ድርሻ ነውና።

ራ. ማ.